አሥራ ሁለት ድል፣ ሠላሳ ሰባት ሽንፈት፦ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቡድን ሠንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

የአሜሪካ ኮሌጆች የእግር ኳስ ቡድኖቻቸውን ታሪክ በአንድ ረጅም ሠንጠረዥ ነው የሚያስቀምጡት። በግራ ዓመቱ፣ ቀጥሎ የአሰልጣኙ ስም፣ ከዚያ ድል፣ ሽንፈት፣ አቻ። አንድ የውድድር ዘመን አንድ መስመር ይደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። በቴነሲ ግዛት ተራራ ላይ የሚገኘውን የሰዋኒ ኮሌጅን ሠንጠረዥ የከፈተ ሰው 1899 ላይ ሲደርስ 12 ድል፣ 0 ሽንፈት፣ 0 አቻ የሚል ያነባል። ጣቱን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ከ1933 እስከ 1940 ያሉትን ስምንት መስመሮች ቢያይ ደግሞ የሊግ ግጥሚያዎች በሚጻፉበት ዓምድ ሥር አንድም ድል አያገኝም። ሲደመር 37 ጨዋታ፣ 37 ሽንፈት።

ኮሌጁ ያው ነው፤ ተራራውም ያው ነው፤ ሐምራዊው መለያም አልተቀየረም። ታዲያ ምን ሆነ? «የቀድሞዎቹ ጎበዞች ነበሩ፣ የኋለኞቹ ሰነፉ» የሚለው መልስ ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል፤ ግን የተሳሳተ ነው። ሠንጠረዡ ድልና ሽንፈቱን ይቆጥራል እንጂ ጨዋታው በምን ሕግ፣ ከማን ጋር፣ በማን ገንዘብ እንደተካሄደ አይነግረንም። እነዚህን ከሠንጠረዡ ውጪ ፈልገን ማምጣት አለብን።

መጀመሪያ ግን ቃሉን እናጥራ። እዚህ ላይ «እግር ኳስ» የምለው የአሜሪካውን ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይታቀፋል፣ ይወረወራል፤ እግር የሚነካው ከስንት አንዴ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳስ የያዘው ቡድን በተወሰነ ሙከራ የተወሰነ ርቀት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን ተሸክሞ የሜዳውን ጫፍ መሻገር ተችዳውን ይባላል። ኳሱን በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ማሳለፍም ነጥብ ያስገኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ሕጉ። ዛሬ ተችዳውን 6 ነጥብ ነው፤ ሰዋኒ መጫወት በጀመረበት በ1891 ግን 4 ነበር። በ1898 ወደ 5 ከፍ አለ፤ ስድስት የሆነው በ1912 ነው። በእግር የሚቆጠረውም እንዲሁ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ በ1899 አምስት ነጥብ የነበረው በ1904 አራት፣ በ1909 ሦስት ሆነ። ስለዚህ ሰዋኒ በ1899 ሰሜን ካሮላይናን 5 ለ 0 አሸነፈ ሲባል ውጤቱን ብቻ አይቶ እንዴት እንደተቆጠረ ማወቅ አይቻልም፤ በዚያ ዓመት በእጅ ተሸክሞ መግባትም በእግር መምታትም እኩል አምስት ነበርና። የድሮን ውጤት በዛሬ ሚዛን የሚመዝን ሰው በአሮጌ ብር የዛሬ ገበያ እንደሚወጣ ነው።

በ1899 የነበረው ጨዋታ ዛሬ በቴሌቪዥን ከምናየው በእጅጉ ይለያል። አንድ ግጥሚያ 70 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ኳስን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር። በሦስት ሙከራ 5 ያርድ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ገደማ፣ መግፋት ይበቃል። በመሆኑም ጨዋታው በአብዛኛው ተያይዞ መገፋፋት ነበር፤ አንዱ ክምር ሌላውን ክምር እየገፋ። ሌላው ቁም ነገር ደግሞ የተቀያሪ ሕጉ ነው። አንድ ተጫዋች ከሜዳ ከወጣ መመለስ አይፈቀድለትም፤ ያጠቃው ተጫዋች ራሱ ይከላከላል። እንዲህ ባለ ሕግ 60 ተጫዋች ያለው ኮሌጅ ከ15 ተጫዋች ባለቤት ብዙም አይበልጥም፤ አሥራ አንድ ጠንካራ ሰዎች እስካሉህ ድረስ ተወዳዳሪ ነህ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ የመጣው ውድቀት ፍቺው እዚህ ላይ ነው።

ሰዋኒ የቦታው ስም ሲሆን ኮሌጁ በመዝገብ የሚታወቀው የደቡብ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም ነው። የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ተቋም ነው፤ በ1857 ተመሥርቶ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ማስተማር የጀመረው በ1868 ነው። በ1899 ተማሪዎቹ ጥቂት መቶዎች ነበሩ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ያደረገው በ1891 ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲሆን 22 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ወር ግን ቻታኑጋ ከተማ ላይ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን 24 ለ 0 ረታ። ለቴነሲ በታሪኩ የመጀመሪያው ግጥሚያ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛሬው የቴነሲ ስታዲየም ከ100,000 በላይ ሰው ይይዛል።

እንግዲህ ወደ ታላቁ መስመር እንምጣ።

የ1899ኙ ቡድን አምበል ሄንሪ ሳይብልስ፣ አሰልጣኙ ከፕሪንስተን የመጣው ቢሊ ሱተር ነበር። ታሪኩን የሠራው ግን ሜዳ ያልገባ ሰው ነው፦ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ተማሪ ሉክ ሊ። ሥራ አስኪያጅ ማለት ግጥሚያ የሚያዋውል፣ የባቡር ትኬት የሚቆርጥ፣ ሒሳብ የሚይዝ ማለት ነው። ሊ የገጠመው ችግር የገንዘብ ነበር። ከጎረቤቱ ቫንደርቢልት ጋር በመግቢያ ገቢ ክፍፍል ሳይስማሙ ቀርተው የዓመቱ ትልቅ ገበያ የነበረው ግጥሚያ ተሰረዘ። ተራራው ላይ ያለው የራሳቸው ሜዳ ደግሞ ተመልካች አይስብም፤ ማን ከከተማ ተነሥቶ ኳስ ለማየት ተራራ ይወጣል? ስለዚህ ተመልካች ወዳለበት መሄድ ግድ ሆነ። ሩቅ ሄዶ አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ መመለስ የባቡሩን ወጪ አይሸፍንም። ሊ ያገኘው መፍትሔ በአንድ ጉዞ አምስት ግጥሚያ ማዋዋል ነበር።

ጉዞው እንዲህ ነበር። ሐሙስ ኅዳር 9 ቀን ኦስተን ላይ ቴክሳስን 12 ለ 0፤ ዓርብ ሂውስተን ላይ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 10 ለ 0፤ ቅዳሜ ኒው ኦርሊንስ ላይ ቱሌንን 23 ለ 0። እሑድ ጨዋታ የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ሰኞ ባተን ሩዥ ላይ ሉዊዚያና ስቴትን 34 ለ 0፤ ማክሰኞ ሜምፊስ ላይ ሚሲሲፒን 12 ለ 0። በስድስት ቀን አምስት ግጥሚያ፣ 91 ነጥብ ለምንም። የባቡሩ መንገድ በጠቅላላ 2,500 ማይል ያህል፣ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው። ተጫዋቾቹ ሃያ ገደማ ነበሩ፤ ሌሊቱን ባቡር ላይ ተኝተው ቀን ሜዳ ይገባሉ።

ሊ የውኃ ለውጥ ሆድ እንዳይረብሻቸው ከተራራው ምንጭ በበርሜል ቀድቶ ጭኖላቸዋል። ውኃውን ያልረሳው ቡድን ጫማውን ረሳው። ባቡሩ ከተነሣ በኋላ የመጫወቻ ጫማዎቹ ሰዋኒ መቅረታቸው ታወቀ፤ በቴሌግራም ተልኮባቸው በሌላ ባቡር ተከትለው ለመጀመሪያው ግጥሚያ ደረሱ። ጫማው ባይደርስ ኖሮ ይህን ሠንጠረዥ ዛሬ የሚከፍተው ሰው ቁጥሩ ስንት ይሆን ነበር እያልኩ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ከጉዞው መልስም አልቆመም። በዚያ ዓመት በሰዋኒ ላይ ነጥብ ያስቆጠረ አንድ ቡድን ብቻ ነው፦ ኦበርን። ሞንትጎመሪ ላይ የተደረገው ግጥሚያ 11 ለ 10 አለቀ። የኦበርን አሰልጣኝ ጆን ሃይዝማን ነበር፤ ዛሬ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው ዋንጫ በስሙ የሚጠራው ያው ሰውዬ። ሃይዝማን በዳኝነቱ ተናድዶ ቅሬታውን ጋዜጣ ላይ አወጣ። የዳኛ ነገር በየዘመኑና በየአገሩ አንድ ነው። የዓመቱ ድምር 322 ለ 10 ሆነ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እዚያ መስመር ላይ ያልተጻፈም አለ። ከአሥራ ሁለቱ ድሎች ውስጥ እንደ 71 ለ 0 እና 54 ለ 0 ያሉት ከሰዋኒ ባነሱ ኮሌጆች ላይ የተገኙ ናቸው። የሰሜኑን ኃያላን፣ ሃርቫርድንና ፕሪንስተንን፣ በዚያ ዓመት አልገጠመም። ሰዋኒም ሆነ ተጋጣሚዎቹ የደቡብ ኮሌጆች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም ነበር፤ ከቡድኑ ጋር ባቡሩ ላይ ተሳፍሮ የተጫዋቾቹን ገላ እያሸ የሄደው ሰው ጥቁር ነበር፣ መጫወት ግን አይታሰብም። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ኳስ ተሸክሞ ክምሩን ይሰብር የነበረው ኦርመንድ ሲምኪንስ በኋላ ዘመን ሁለት እግሮቹን አጥቷል፤ መነሻው የጨዋታ ጉዳት እንደሆነ ይነገራል።

ሥራ አስኪያጁስ? ሉክ ሊ የጉዞ ሱሱ አልለቀቀውም። ጋዜጣ መሠረተ፣ ቴነሲን ወክሎ የአሜሪካ ሴኔት አባል ሆነ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ በጥር 1919 ጥቂት ወታደሮች አስከትሎ ወደ ሆላንድ ገብቶ የተሰደደውን የጀርመን ቄሣር ጠልፎ ለማምጣት ሞከረ። አልተሳካለትም። በ1930ዎቹ በባንክ ማጭበርበር ተፈርዶበት ታስሯል። የአምስቱን ግጥሚያ ውል የተዋዋለው እጅ እንዲህ ዓይነት እጅ ነበር።

ከ1900 በኋላ ያሉት ሃያ አምስት መስመሮች ብዙ አያስቆሙም፤ ሰዋኒ ጠንካራ ቡድን ሆኖ ቆየ፣ በ1909ም ቫንደርቢልትን 16 ለ 5 ረትቶ የደቡብ ሻምፒዮን ተባለ። ከእነዚህ መካከል አንዱ መስመር ግን ብዙ ይናገራል። በ1907 ሰዋኒ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቫንደርቢልት፣ 17 ለ 12። ግጥሚያውን ያዞረው ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ ነበር። ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው ገና ከዓመት በፊት፣ በ1906 ነው፤ ጨዋታው ተጫዋቾችን እየገደለ ስላስቸገረ ክምሩን ለመበተን ታስቦ። በዚያው ጊዜ መገፋት ያለበት ርቀት ከ5 ወደ 10 ያርድ አደገ። መገፋፋት ብቻውን አልበቃ አለ፤ ሯጭ፣ ወርዋሪ፣ ተቀባይ ያስፈልግ ጀመር። የተቀያሪ ሕጉም ቀስ በቀስ ሲላላ የተጠባባቂ ወንበሩ ርዝመት ዋጋ አገኘ። አሥራ አንድ ብርቱ ሰዎች ይበቁበት የነበረው ዘመን አለፈ። ያም ሆኖ በ1924 ሰዋኒ ቫንደርቢልትን 16 ለ 0 ማሸነፉ አሮጌው ጉልበት ወዲያው እንዳልጠፋ ያሳያል።

ቀሪውን የሠራው ገንዘብ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የግዛት ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ቁጥር አበጡ፤ ከመንግሥት በጀት ያገኛሉ፣ በሺዎች የሚቆጠር ተመልካች የሚይዙ ስታዲየሞች ሠሩ። ሰዋኒ እዚያው ተራራው ላይ በጥቂት መቶ ተማሪዎቹ ቀረ። በታኅሣሥ 1932 በአካባቢው ያሉ 13 ኮሌጆች ተሰብስበው ዛሬ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ ኃያል ከሚባሉት ሊጎች አንዱ የሆነውን የደቡብ ምሥራቅ ሊግ ሲመሠርቱ ሰዋኒ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ቴነሲ፣ ሉዊዚያና ስቴት አጠገቡ ነበሩ። እንደ እኔ ግምት ስሙን ወደዚያ ጠረጴዛ ያደረሰው የቆየ ዝናው ነው፤ አቅሙ ቢታይ ቦታው ያ አልነበረም።

ከዚያ ወሳኙ እርምጃ መጣ። በ1935 ሊጉ ለተጫዋች በችሎታው ብቻ የትምህርትና የኑሮ ወጪ መሸፈንን በይፋ ፈቀደ። ከዚያ በፊት በስውር ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው። ነገሩን በአንድ ቀላል ስሌት እንየው። አንድ ኮሌጅ የ50 ተጫዋቾችን ወጪ ልሸፍን ቢል፣ ብዙ ሺህ ተማሪ ላለው ተቋም እነዚያ ሃምሳዎች ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ሦስት መቶ ተማሪ ላለው ግን ከስድስት አንድ ተማሪ በነጻ ማስተማር ይሆንበታል፤ ያውም በመግቢያ ገቢ የሚተካ ተመልካች ሳይኖረው። ሰዋኒ በእነዚያ ዓመታት አብዛኛውን ትልቅ ግጥሚያ ከሜዳው ውጪ ነበር የሚያደርገው። ሉክ ሊን ያሯሯጠው ችግር ሳይፈታ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በ1899 በባቡርና በብልሃት የሚሸሹት ነበር፣ በ1935 ግን የሚሸሹበት አልነበረም።

ስለዚህ እነዚያን 37 ሽንፈቶች ሳይ ሰነፍ ልጆች አይታዩኝም። አብዛኛውን ግጥሚያ አንድ ነጥብ እንኳ ሳያስቆጥሩ ከሜዳ ይወጡ ነበር፤ በሳምንቱ ደግሞ ለሌላ ሽንፈት ባቡር ይሳፈራሉ። በዚያው ዘመን ከሊጉ ውጪ ካሉ እኩዮቹ ጋር ሲጫወት ሰዋኒ ያሸንፍም እንደነበር ሠንጠረዡ ራሱ ይመሰክራል፤ ለዚህ ነው የጠቅላላ ውጤትን ዓምድና የሊጉን ዓምድ ለይቶ ማንበብ የሚያስፈልገው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው «በስምንት ዓመት አንድም ጊዜ አላሸነፈም» ብሎ ይጽፋል፤ ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ውሳኔው የመጣው ከአሌክሳንደር ገሪ ነው። ገሪ በ1938 የዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር ሆነ። ስሙ አያሳስት፤ እዚያ ቻንስለሩ ጳጳስ ነው፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው ምክትሉ ነው። ገሪ ተጫዋችን በገንዘብ ማምጣትን ከሥሩ ይቃወም ነበር፤ ኳስ የተማሪ ጨዋታ ይሁን የሚል ሰው ነው። በታኅሣሥ 1940 ሰዋኒ ከሊጉ መውጣቱ ታወቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ቡድኑ ተቋርጦ በ1946 ሲመለስ ለኳስ ተብሎ የሚከፈልለት ተጫዋች አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህም የለም።

ከዚህ በኋላ ያሉት መስመሮች ትንሽ ናቸው ብሎ የሚዘልላቸው አንባቢ አንድ ጥሩ ታሪክ ያመልጠዋል። ከ1957 እስከ 1977 ቡድኑን ያሠለጠነው ሸርሊ ሜጀርስ ነበር፤ ልጁ ጆኒ ሜጀርስ በ1976 ፒትስበርግን ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት ያበቃው አሰልጣኝ ነው። አባትየው በ1958 ስምንት ግጥሚያ አድርጎ ስምንቱንም አሸነፈ፤ በ1963ም ደገመው። እነዚህ ሁለት መስመሮች ከ1899ኙ ጋር ሲተያዩ ያንሳሉ? እንደ ሚዛኑ ነው። የ1963 ተጋጣሚዎች እንደ ሰዋኒ ያሉ ትናንሽ ኮሌጆች ነበሩ። ሰዋኒ በ1962 ከእኩዮቹ ጋር ተጫዋች የማይከፈልበት የራሱን ሊግ አቋቁሟል። በ1973 የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር አባላቱን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ለስፖርት የትምህርት ድጋፍ የማይሰጥበት ሦስተኛው ምድብ የሰዋኒ ቦታ ሆነ።

በ1899 ዝርዝር ላይ ካሉት አሥራ ሁለት ተጋጣሚዎች አብዛኞቹ ዛሬ ሰዋኒ የማይደርስባቸው ሆነዋል። ቴክሳስ፣ ኦበርን፣ ጆርጂያ፣ ቴነሲ፣ ሉዊዚያና ስቴት ቅዳሜ ቅዳሜ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ይጫወታሉ። አንዱ ግን ዛሬም እኩያው ሆኖ ቀርቷል፤ ያኔ 54 ለ 0 የተሸነፈውና ሳውዝዌስተርን ፕሬስቢቴሪያን ይባል የነበረው። በ1925 ከክላርክስቪል ወደ ሜምፊስ ተዛወረ፣ በ1984 ስሙን ሮድስ ኮሌጅ አለ። ሰዋኒና ሮድስ ከ1954 ጀምሮ ለአንድ ዋንጫ ይፋለማሉ። ሰዋኒ ሲያስተናግድ ግጥሚያው የሚካሄደው ከ1891 ጀምሮ ኳስ በተጫወተበት በዚያው የተራራ ሜዳ ላይ ነው።